የሜዱዛን ርብራብ እየቀዱ የዘይት ቀለም መማር

የዘይት ቀለም ሊማር ለተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ጠረጴዛ ላይ አንድ ማሰሮና ሁለት ሦስት ብርቱካን አስቀምጦ እንዲሥል ነው። ምክሩ አይከፋም። ችግሩ ጀማሪው ሦስት ሸክም በአንድ ጊዜ መሸከሙ ነው፤ ምን ልሣል፣ እንዴት ላደራጀው፣ ቀለሙንስ እንዴት ልቀባው። የታላቅ ሠዓሊን ሥራ የሚቀዳ ሰው ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ተመልሰው ይጠብቁታል፤ የሚቀረው እጁን ማስተማር ነው። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ያደገው የመምህሩን ሥራ እየቀዳ ነው። በፓሪሱ የሉቭር ሙዚየምም ፈቃድ ያወጡ ቀጂዎች እስከ ዛሬ ከታላላቆቹ ሥዕሎች ፊት ቆመው ይሠራሉ።

እኔ የምመክርዎ ደግሞ ቀላሉን አይደለም። የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የቴዎዶር ዤሪኮን «የሜዱዛ ርብራብ» ይቅዱ። ሃያ ያህል ሰው፣ የሚናወጥ ባሕር፣ በነፋስ የተወጠረ ሸራ አለበት። ይከብዳል፤ ነገር ግን ለተማሪ የሚመቹ ሦስት ነገሮች አሉት። ብርሃኑ ኃይለኛ ስለሆነ ጥላው የት እንደሚጀምር በግልጽ ይታያል። ቀለሙ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ቡናማ፣ ቢጫማ አፈርና ግራጫ ስለሆነ በቀለም ብዛት አይደናገሩም። ደግሞም ስሕተትን አይደብቅም፤ አንድ ክንድ ላይ ጥላው ቦታውን ከሳተ ክንዱ ወዲያው የእንጨት ይመስላል። ብርቱካን ላይ ያው ስሕተት ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል።

ታሪኩን ይወቁ

ብሩሽ ከመንካትዎ በፊት የሚቀዱት ነገር ምን እንደሆነ ይረዱ። እ.ኤ.አ. በ1816 ሜዱዛ የተባለች የፈረንሳይ የጦር መርከብ ወደ ሴኔጋል ስትጓዝ ከሞሪታንያ ጠረፍ አጠገብ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። ጀልባዎቹ ለሁሉም አልበቁም፤ ስለዚህ ከመርከቧ ምሰሶና ሳንቃ ርብራብ ተገጣጥሞ 147 ያህል ሰው ተጫነበት። ጀልባዎቹ እየጎተቱ ሊወስዱት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ገመዱ ተለቀቀና ሰዎቹ ባሕር ላይ ቀሩ። ከ13 ቀን በኋላ አርገስ የተባለችው መርከብ ስታገኛቸው በሕይወት የነበሩት 15 ብቻ ነበሩ።

ዤሪኮ ይህን ሲሠራ ዕድሜው 27 ነበር። ከሞት የተረፉትን ሰዎች አነጋገረ፣ የርብራቡን ትንሽ ሞዴል አሠራ፣ ሆስፒታል ሄዶ በሽተኞችንና አስከሬኖችን ሣለ። ከብዙ ንድፍ በኋላ የመረጠው ቅጽበት አርገስ ከአድማስ ላይ እንደ ነጥብ የታየችበትን ነው። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1819 ሳሎን በተባለው የፓሪስ የሥዕል ዐውደ ርእይ ለሕዝብ ቀረበ። ይህን ማወቅ ለሥራው ይጠቅማል፤ በቀኝ በኩል ጨርቅ የሚያውለበልበው ሰው ለማን እንደሚያውለበልብ ካላወቁ የክንዱን አቅጣጫ ያጣምሙታል። የነፋሱንም አቅጣጫ ያስተውሉ። ሸራውን የወጠረው ነፋስ ርብራቡን የሚገፋው ከአርገስ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው፤ የሥዕሉ ጭንቀት ግማሹ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከምን ላይ ይቀዳሉ?

ከስልክ ስክሪን ላይ መቅዳት አልመክርም። ስክሪኑ ከውስጡ ስለሚያበራ ጥቁሩን ሁሉ ያደምቀዋል፣ ከቀለም ሊያገኙ የማይችሉትን ብርሃንም ያሳይዎታል። ሥዕሉ የሚገኝበት የሉቭር ሙዚየም ራሱ ያወጣውን ጥራት ያለው ፎቶ ፈልገው ጥሩ ማተሚያ ቤት ቢያንስ በኤ3 ወረቀት ያሳትሙ። ስልኩን ለዝርዝር ብቻ ያቆዩት፤ ጣት ወይም ፊት አጉልቶ ለማየት ይረዳል። ፓሪስ ወይም አቅራቢያዋ የሚኖሩ ከሆነ አንድ ቀን ሄደው ከፊቱ ይቁሙ። ሥዕሉ 491 በ716 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከፊት ያሉት ሰዎች ከእርስዎ ይገዝፋሉ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወስኑ። ዤሪኮ ለጥቁሩ ቢትመን የሚባል፣ ከሬንጅ የሚወለድ ቡናማ ቀለም ተጠቅሟል። ሲቀባ እጅግ ያምራል፤ ችግሩ ሙሉ በሙሉ አይደርቅም፣ እያደር ይጠቁራል፣ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል። ሥዕሉ ከመጥቆሩ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1859 እና 1860 ጊየሜና ሮንዣ የተባሉ ሁለት ሠዓሊዎች በሙሉ መጠኑ ቀድተውታል፤ ቅጂው ዛሬ በአሚየን ከተማ በፒካርዲ ሙዚየም ይገኛል። እንግዲህ ዛሬ የምናየው ጥቁር ሁሉ የዤሪኮ ሐሳብ አይደለም። የእኔ ምክር ጥላውን ከፎቶው አንድ ደረጃ ፈካ አድርገው እንዲሠሩት ነው። ከአሠራሩ ይማሩ፤ በሽታውን አይውረሱ።

ዕቃ

ሸራ። የሥዕል ሸራ ካገኙ መልካም፤ ካላገኙ ወፈር ያለ አቡጀዲ ይሆናል። አናጺ የሠራልዎት የእንጨት ፍሬም ላይ ከመሐል ወደ ማዕዘን እየሄዱ ወጥረው ይምቱት። መጠኑ ቀላል ነው፤ የዋናውን አንድ አሥረኛ ይውሰዱ፣ 49 በ71.5 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ከዚህ ካነሰ ፊቶቹ ከጥፍር ያንሳሉ፣ ብሩሽም አይገባቸውም።

ጥሬ ጨርቅ ላይ የዘይት ቀለም አይቀባም፤ ዘይቱ ጨርቁን ያበሰብሰዋል። የሠዓሊ አክሪሊክ ፕራይመር ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀቡ፣ በየመሐሉ ይድረቅ፣ በመጨረሻ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ ያድርጉት። ግድግዳ የሚለሰንበትን ጄሶ በውኃ በጥብጠው ቢቀቡት ግን ሸራው ትንሽ ሲታጠፍ ይፈረካከሳል።

ቀለም ብዙ አያስፈልግም። ቲታኒየም ነጭ (ትልቁን ቱቦ)፣ የሎ ኦከር፣ በርንት ሲዬና፣ በርንት አምበር፣ አይቮሪ ብላክ፣ ፕረሺያን ብሉ፣ አንድ ደማቅ ካድሚየም ቀይ። ሰባት ናቸው። ቢትመኑን የሚተካልዎ በርንት አምበር ከጥቂት ፕረሺያን ብሉ ጋር ሲደባለቅ የሚወጣው ጥልቅ ጥቁር ነው፤ ይደርቃል፣ አስተማማኝም ነው። ፕረሺያን ብሉን ግን በቢላዋ ጫፍ ብቻ ይውሰዱ፤ ትንሽ ካለፈ ፓሌቱን በሙሉ ይወርረዋል።

ዘይቱ የተጣራ የሠዓሊ የተልባ ዘይት ይሁን። የወጥ ዘይት የሚሆን መስሎት የሚሞክር አይጠፋም፤ የምግብ ዘይት አብዛኛው በደንብ አይደርቅም፣ ሥዕሉ ለወራት እጅ ላይ ይጣበቃል። ለማቅጠኛ አኳራጅ ይጠቀማሉ፤ ጠረኑ የተቀነሰ የሠዓሊ ማቅጠኛ ካገኙ የተሻለ ነው። በማንኛውም ሁኔታ መስኮት ይከፈት፤ ከሰል ምድጃ ያለበት ክፍል ውስጥ አይሥሩ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ሲቀመጥ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ይህ ተረት አይደለም። ጨርቁን ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውኃ ባለበት ክዳናማ ቆርቆሮ ውስጥ ይክተቱት።

ብሩሽ ሦስት ይበቃል፦ ሰፊ የአሳማ ጸጉር፣ መካከለኛ ጠፍጣፋ፣ አንድ ቀጭን ለስላሳ።

ንድፉን ማውጣት

መጀመሪያ በእርሳስ፣ የመዳፍ ስፋት ባላት ወረቀት ላይ ሥዕሉን በሦስት ደረጃ ብቻ ይንደፉ፤ ጥቁር፣ መካከለኛ፣ ነጭ። ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ይዩት፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ትልልቆቹ ቅርጾች ይቀራሉ። ያኔ ሁለት ፒራሚድ ይታይዎታል። አንዱ በምሰሶውና በገመዶቹ የተሠራው በግራ ነው፤ ሌላው በተደራረቡት ሰዎች የተሠራው በቀኝ ሲሆን ጫፉ ጨርቅ የሚያውለበልበው ሰው ነው። ከታች በግራ ከወደቁት ሬሳዎች ተነሥቶ ወደ ላይ ወደ ቀኝ የሚወጣ ረጅም ሰያፍ መስመርም አለ፤ ከሞት ወደ ተስፋ ይወጣል። ይህች ትንሽ ንድፍ አንድ ሰዓት ብትወስድ አይቆጩ፤ የቀረውን ሥራ የምትመራው እርሷ ናት።

ከዚያ ፎቶውንም ሸራውንም እኩል ይክፈሉ፤ ወርዱን 6 ቦታ፣ ቁመቱን 4 ቦታ። ሸራው ላይ እያንዳንዱ ሳጥን 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፊትና እጅ የበዛበትን ሳጥን በድጋሚ በአራት ይክፈሉት፤ ባሕሩና ሰማዩ ያለበትን አይንኩት። በከሰል ይሥሩ፣ በእርሳስ አይደለም፤ ከሰል በጨርቅ ይጠፋል፣ እርሳስ ግን ነጭ ቀለም ሥር ብቅ ማለት ይወዳል። ሰውን ለብቻው ከመሣል ይልቅ በሰውና በሰው መካከል ያለውን ክፍተት ቅርጽ ይሣሉ፤ በሁለት ክንድ መሐል የሚታየው የሰማይ ቁራጭ ሦስት ማዕዘን ነው ወይስ ረዘም ያለ? ክፍተቱ ትክክል ከሆነ ክንዶቹ በራሳቸው ቦታቸውን ይይዛሉ።

ንድፉ ሲያልቅ በጣም በቀጠነ በርንት አምበርና በቀጭኑ ብሩሽ መስመሮቹን ያስረግጡ። ሲደርቅ የከሰሉን ብናኝ በጨርቅ ያራግፉ።

የሥር ቅብ

ብዙ ጀማሪ ይህን ዘልሎ ወደ ቀለም ይሮጣል፤ ትምህርቱ ግን ግማሹ ያለው እዚህ ነው።

በርንት አምበር ብቻውን በማቅጠኛ አቅጥነው ሸራውን በሙሉ ይቀቡት፤ የቡና ቀለም እስኪይዝ። እርጥብ እንዳለ ንጹሕ ጨርቅ ጣትዎ ላይ ጠቅልለው ብርሃኑን መጥረግ ይጀምሩ። ከታች በግራ ሽማግሌው ጭን ላይ የወደቀው ልጅ ደረት፣ የሰዎቹ ትከሻ፣ ከአድማሱ በላይ ያለው የሰማይ ጭረት፣ የማዕበሉ ጫፍ። የጠረጉት ቦታ ነጩን ሸራ ያሳያል፣ ያልጠረጉት ጥላ ይሆናል። ከዚያ ጥቁር መሆን ያለበትን ወፈር ባለ አምበር ይደግሙታል፤ የርብራቡን ሥር፣ በምሰሶው ላይ የተወጠረውን ሸራ ጥላ፣ በሰዎቹ መካከል ያለውን ጉድጓድ።

በዚህ ደረጃ ፊት አይሠራም፣ ጣት አይቆጠርም። ሦስት ሜትር ያህል ወደኋላ ሄደው ሲያዩት ትንሿን የእርሳስ ንድፍ መምሰል አለበት። ካልመሰለ ማቅጠኛ ባለው ጨርቅ ጠርገው እንደገና ይጀምሩ። አምበር ፈጥኖ ይደርቃል፤ ውስጡ ያለው ማንጋኒዝ ዘይቱን ያፈጥነዋል። ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን መቀጠል ይቻላል። በክረምት፣ ብርድና እርጥበት ሲበዛ፣ ይዘገያል።

ዤሪኮ ራሱ እንዲህ አልሠራም። ነጩ ሸራ ላይ መስመሩን ነድፎ፣ ሞዴል እያቆመ፣ አንዱን ሰው ጨርሶ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር። ለዚያ የእርሱ እጅና የእርሱ ዝግጅት ያስፈልጋል። ጀማሪ እንዲህ ከሠራ የመጀመሪያው ሰው በጣም ደማቅ፣ አሥረኛው በጣም ጨለማ ሆኖ ይቀራል፤ ሃያ ሥዕል ይሆናል እንጂ አንድ ሥዕል አይሆንም።

ቀለም

ከሩቁ ወደ ቅርቡ ይምጡ፤ ሰማይ፣ ባሕር፣ ሸራና ምሰሶ፣ ሰዎች፣ በመጨረሻ ከፊት ያሉት ሳንቃዎች። ሰማዩን ከነጭ፣ ከየሎ ኦከርና ከጥቂት ጥቁር ይሥሩት። ጥቁርና ነጭ ሲደባለቁ ከቢጫው አጠገብ ሰማያዊ መስለው ይታያሉ፤ ስለዚህ ሰማያዊ ለመጨመር አይቸኩሉ። ለባሕሩ ያንኑ ድብልቅ ጠቆር አድርገው፣ ወደ አረንጓዴ እስኪያደላ ኦከርና የፕረሺያን ብሉ ጭላጭ ይጨምሩበት። የሰማዩንና የባሕሩን ቀለም ለሰዎቹ ጥላም ትንሽ ያስቀሩለት፤ ሰዎቹ በዚያ አየር ውስጥ ያሉ እንዲመስሉ የሚያደርገው ይህ ነው።

በንብርብሩ አንድ ሕግ አይጣስም፤ ከሥር ያለው ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ ያለው ዘይቱ የበዛ ይሁን። የሥር ቅቡ በማቅጠኛ ብቻ ነው። ሁለተኛው ቀለሙ ከቱቦው እንደወጣ። ሦስተኛው ጥቂት ጠብታ የተልባ ዘይት የገባበት። ቢገለበጥ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ሥሩ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

አሁን ከታች በግራ ወደ ተቀመጠው ሽማግሌ ይምጡ። የሞተ ልጁን ጭኑ ላይ ይዞ፣ ለመርከቧ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሌላው ሁሉ ወደ አድማስ ሲንጠራራ እርሱ ወደ እኛ በኩል ይመለከታል። የልጁን ገላ ቀስ ብለው ይሥሩ፤ የሰው ገላ መቀባት የሚማሩት እዚህ ነው።

ፓሌቱ ላይ ብሩሽ ሳያነሡ በቢላዋ አምስት ክምር ያዘጋጁ። የመጀመሪያው ነጭ ከጥቂት ኦከር፤ ይህ ብርሃኑ የመታው ደረት ነው። ሁለተኛው ያው ሆኖ ኦከሩ ጨመር ያለበት። ሦስተኛው ላይ የጥቁር ጭላጭ ይግባ፤ ኦከርና ጥቁር ሲገናኙ ድፍርስ አረንጓዴ ይወጣቸዋል፣ የሬሳ መልክ የሚሰጠውም እርሱ ነው። አራተኛው በርንት ሲዬና የገባበት ቡናማ ግራጫ። አምስተኛው አምበር ብቻውን ማለት ይቻላል፤ ከጎኑ ሥር ላለው ጥላ። ክምሮቹን ከመቀባትዎ በፊት ጎን ለጎን አሰልፈው ያነጻጽሩ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በግልጽ ካልታየ ሸራው ላይም አይታይም።

ከዚያ ሰፊውን ብሩሽ ይዘው ክምሮቹን በየቦታቸው እንደ ጡብ ጎን ለጎን ይደርድሩ፤ አያሹ፣ አያዋሕዱ። ሁሉም ቦታውን ከያዘ በኋላ ብቻ በንጹሕ ደረቅ ብሩሽ ድንበሩን አንዴ ወይም ሁለቴ ይዳስሱት። ሁለተኛው ዳሰሳ ይጠቅማል፣ አራተኛው ያበላሻል። ሦስተኛው ክምር፣ ብርሃኑ ወደ ጥላ የሚዞርበት ግራጫ፣ ሰፊ ቦታ እንዲይዝ ይፍቀዱለት፤ ጀማሪ ይህን አሳጥቶ ነጩን ጥላው ላይ ይለጥፈዋል፣ ገላውም ቆርቆሮ ይሆናል። የልጁ ገላ ሲያልቅ የአባትየውን ቀይ ጨርቅ ከካድሚየም ቀይና ከበርንት ሲዬና ይሥሩ። ጨርቁ ደማቅ የሚመስለው አጠገቡ ያለው ገላ ስለገረጣ ነው፤ ቀዩን ከቱቦው እንዳለ ከተጠቀሙ ከሥዕሉ ዘልሎ ይወጣል።

ከፊት በግንባሩ ተደፍቶ አንድ ክንዱን የዘረጋው ሰው ሞዴሉ ኡዤን ደላክሯ ነበር፤ ያኔ ወጣት ሠዓሊ፣ በኋላ የሮማንቲክ ሥዕል እንቅስቃሴ መሪ የሆነው። ፊቱ ስለማይታይ ለእርስዎ ቀላሉ እርሱ ነው፤ ከልጁ ቀጥሎ ይሥሩት። በሁለቱ ከተለማመዱ ሌሎቹ ይፈጥናሉ፤ ብዙዎቹ ጀርባቸውን የሰጡ ወይም ግማሽ ጥላ ውስጥ ያሉ ናቸው።

አርገስን የመጨረሻ ያድርጉ። በቀጭኑ ብሩሽ ጫፍ፣ በአድማሱ ላይ፣ ሁለት ሦስት ንክኪ። ሸራዋንና ምሰሶዋን ለይቶ ለመሣል የሚመጣብዎትን ፍላጎት ይከልክሉት። መርከቧ በግልጽ ከታየች የርብራቡ ሰዎች ተርፈዋል ማለት ነው፤ ሥዕሉ ደግሞ ገና አልተረፉም ይላል።

ከደረቀ በኋላ

ሲደርቅ አንዳንዱ ጥቁር ቦታ ደብዝዞ አመድ ይመስላል፤ ዘይቱን የሥሩ ንብርብር ስለጠጣው ነው። የተልባ ዘይት በጣም በስሱ ቀብተው በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ያንሡት፤ ይመለሳል። ጥላዎቹን በአንድነት ማሞቅ ካማረዎት በርንት ሲዬና በዘይት አቅጥነው እንደ ባለ ቀለም መስታወት ያልብሷቸው፣ ብርሃኑን ግን አይንኩት።

ቨርኒሽ ቢያንስ ስድስት ወር ይቆይ፤ ቀለሙ ወፈር ካለ ዓመት ይጠብቁ። እስከዚያ ሥዕሉን ጨለማ ክፍል ውስጥ አይደብቁት፤ ብርሃን ያጣ የተልባ ዘይት ይበልጥ ይበጭጫል። ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ላይ ይስቀሉት።

ከሸራው ጀርባ «ከዤሪኮ የተቀዳ» ብለው የራስዎን ስምና ዓመቱን ይጻፉ። ሠዓሊው የሞተው እ.ኤ.አ. በ1824 ስለሆነ መብቱን የሚጠይቅዎት የለም፤ የእርሱን ፊርማ ፊት ለፊት መገልበጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሉቭር ቀጂዎችም ከዋናው ጋር እኩል መጠን ያለው ቅጂ እንዲሠሩ አይፈቀድላቸውም፤ ቅጂ ዋናውን መስሎ ገበያ እንዳይወጣ ነው።

ሁለተኛ ቅጂ ካሰኘዎት ሙሉውን አይድገሙት። ከዚሁ ሥዕል ሁለት ሳጥን ብቻ፣ ለምሳሌ የሽማግሌውን ራስና እጅ፣ በዚያው 49 በ71.5 ሸራ ላይ አሳድገው ይሥሩ።